41 ቁጥሯ ባጃጅ የት ገባች? በአዳማ አንድ መገናኛ ላይ የተደረገ የቪዲዮ ቆጠራ

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ደብተር ነው።

ደብተሩ የተራ አስከባሪው ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ቦታቸው አዳማ ውስጥ፣ የጅቡቲው መንገድ ከአንድ የሰፈር መንገድ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት ያሰፍራሉ። አራት ጭረት ቁልቁል፣ አምስተኛው በአግድም። ገጹ ሲሞላ ገልበጥ ያደርጉና ይቀጥላሉ።

የባጃጅ ማህበሩ ሁለተኛ መጫኛ ቦታ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ፈልጎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው ባጃጅ ለመያዝ አስፋልቱን መሻገር አለበት። በተሳቢ መሀል ልጅ በእጅ ይዞ መሻገር ምን እንደሚመስል እዚያ የቆመ ያውቀዋል። የማህበሩ ሰዎች የጋሼን ደብተር ይዘው ሄዱ። «የቆጠረው የራሳችሁ ሰው አይደል እንዴ?» ተብለው ተመለሱ።

የአክስቴ ልጅ እዚያው ተራ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ማታ ቤት መጥቶ «አንቺ ኮምፒውተር ተምረሽ የለ? በካሜራ ቁጠሪልን» አለኝ። እሺ አልኩት። ሁለት ቀን ይበቃል ብዬ ነበር፤ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምር ሰው የሄድንበትን መንገድ እንዲያውቀው ብዬ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

የሚፈለገው ግልጽ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በእያንዳንዱ አቅጣጫ ስንት ባጃጅ ያልፋል? ስንት ጋሪ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ከባድ መኪና?

አዳማን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ እዚህ ሲያልቅ፣ ወደ ወደብ የሚሄደውና ከወደብ የሚመጣው ጭነት ግን ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ አስፋልት ላይ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ ተጋፍተው ይሄዳሉ። ለሥራችን ከባድ የሆነው ይህ መጋፋት ነው።

መሣሪያችን አንድ ስልክ፣ አንድ ማቆሚያና የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። መገናኛው ላይ ካለ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ካፌ በረንዳ ላይ እንድንቀርጽ ባለቤቱ ፈቀዱልን። ከመጀመራችን በፊት ከማህበሩ ጋር ሁለት ነገር ተስማማን። ፊትና ታርጋ እስኪነበብ ድረስ አናቀርብም። ቆጠራው ተጣርቶ ሲያልቅ ቪዲዮው ይጠፋል። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ለመቀረጽ እሺ አላለንም። ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

ማየት ሌላ፣ መከተል ሌላ

ኮምፒውተር ቪዲዮ አያይም። የሚያየው ፎቶ ነው። ስልኬ በሰከንድ 30 ፎቶ ያነሳል። በሁለት ሰዓት 216,000 ፎቶ ማለት ነው። አንዲት ባጃጅ መገናኛውን ለማለፍ 8 ሰከንድ ቢፈጅባት 240 ፎቶ ላይ ትታያለች። በየፎቶው ያየነውን ብንደምር አንዷ ባጃጅ 240 ሆነች ማለት ነው።

ሥራው ሁለት የሚሆነው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ፎቶ ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ ዙሪያውን ሳጥን ማድረግ ነው። ይህን የሚሠራውን ዲቴክተር ይሉታል። ሁለተኛው ይህ ሳጥን ቅድም ካየሁት ጋር አንድ ነው ወይስ አዲስ ነው ብሎ መወሰን ነው። ይህኛው ትራከር ነው። ለእያንዳንዷ ባጃጅ ቁጥር ይሰጣትና ከዓይን እስክትጠፋ ያንኑ ቁጥር ይዛ እንድትሄድ ያደርጋል።

ስለ መጀመሪያው ሥራ ብዙ ተጽፏል። ዮሎ የሚባለው የሞዴል (ከምስል የሚማር ፕሮግራም) ቤተሰብ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ማንም ሰው በነጻ አውርዶ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጥቂት መስመር ያስኬደዋል። እኛን ስድስት ሳምንት ያሠራን ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ የተጠቀምኩት ትራከር ሶርት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ አሠራሩ አጭርና ግልጽ ስለሆነ እወደዋለሁ። ሦስት ነገር ያደርጋል። ይገምታል፣ ያጋጥማል፣ ያስተካክላል።

የሚገምተው በካልማን ማጣሪያ ነው። ሩዶልፍ ካልማን ቡዳፔስት የተወለደ ሰው ነው። ሐሳቡን ያወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወደ ጨረቃ የተላኩት የአፖሎ መንኮራኩሮች አቅጣጫቸውን ለማወቅ ተጠቅመውበታል። ባጃጇ እዚህ ነበረች፣ ፍጥነቷ ይህን ያህል ነበር፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ፎቶ እዚያ ትሆናለች ይላል። ከዚያ ዲቴክተሩ ያየውን ይቀበልና ግምቱንና ያየውን እንደ ታማኝነታቸው መጠን ያቀላቅላቸዋል።

ማጋጠሙ በሃንጋሪያን ዘዴ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ይህን ስም የሰጠው አሜሪካዊው ሃሮልድ ኩን ነው። የተነሳው ኮኒግና ኤገርቫሪ ከሚባሉ ሁለት የሃንጋሪ የሒሳብ ሰዎች ሥራ ስለነበር ነው። ለአክስቴ ልጅ ያስረዳሁት በራሱ ሥራ ነው። ሁለት ተሳፋሪ፣ ሁለት ባጃጅ አለ እንበል። አንደኛው ተሳፋሪ በሁለቱም መሄድ ይችላል። ሌላው ግን በአንደኛዋ ብቻ ነው የሚሄደው። ቀድሞ የደረሰውን ቅርቡ ባለችው ባጃጅ ብትጭነው ሁለተኛው ሰው ቆሞ ይቀራል። ጥሩ ተራ አስከባሪ ሁለቱንም አይቶ ነው የሚደለድለው። ዘዴው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ አያይም፤ የሁሉም ድምር የተሻለ የሚሆንበትን ይፈልጋል።

መመሳሰላቸው የሚለካው በመደራረብ ነው። የተገመተው ሳጥንና የታየው ሳጥን የተጋሩት ስፋት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ለሚሸፍኑት ስፋት ይካፈላል። ፍጹም ከተደራረቡ 1 ነው፣ ካልተነካኩ 0። ሶርት ሲመጣ የተቀመጠለት ዝቅተኛ ልክ 0.3 ነው።

ይህችን 0.3 ያዙልኝ።

ፎቶ መቆጠብ

ላፕቶፔ አንዱን ፎቶ ለማየት ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። 216,000 ፎቶ 30 ሰዓት ማለት ነው። መብራት ቢሄድስ ብዬ ከየስድስቱ ፎቶ አንዱን ብቻ ወሰድኩ። በሰከንድ 5 ፎቶ ሆነ። ሥራው ወደ 5 ሰዓት ወረደ።

ውጤቱን ሳየው ደነገጥኩ። በአንድ የ10 ደቂቃ ቁራጭ ላይ በእጄ የቆጠርኩት 94 ባጃጅ ነው። ፕሮግራሙ 171 አለ።

ዲቴክተሩን ጠረጠርኩ። ሦስት ቀን እሱን ስነካካ ቆየሁ። ጥፋቱ ግን የሱ አልነበረም። ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው የገባኝ። ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በሰከንድ 8.3 ሜትር ነው። በሰከንድ 30 ፎቶ ስናነሳ በሁለት ፎቶ መካከል የምትሄደው 28 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቷ 2.6 ሜትር ያህል ስለሆነ አዲሱ ሳጥን በአሮጌው ላይ ተኝቷል ማለት ይቻላል። መደራረቡ 0.8 ይሆናል።

በሰከንድ 5 ሲሆን ግን በሁለት ፎቶ መካከል 1.67 ሜትር ትሄዳለች። የሚጋሩት 0.93 ሜትር፣ አንድ ላይ የሚሸፍኑት 4.27 ሜትር። ሲካፈል 0.22። ከ0.3 በታች ነው።

ካልማን ፍጥነቷን ይገምት የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይገምታል። ግን ፍጥነት ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማየት አለበት። አዲስ ባጃጅ ስትገባ ፍጥነቷን እንደ ዜሮ ነው የሚይዘው። ሁለተኛዋ ፎቶ ላይ ሳጥኗ ርቆ ይገኛል፣ አይጋጠምም፣ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። እሱም ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ፈጠን ያለችው ባጃጅ ፎቶ በተነሳች ቁጥር እንደ አዲስ ትወለዳለች። ቀስ የሚሉት ደግሞ ተሳፋሪ ለማውረድ ይቆማሉ፣ ይነሳሉ፤ እነሱም ሲነሱ ይበጣጠሳሉ።

ፎቶ መቆጠብ የማይቻል አይደለም። ግን ስንቱን መቆጠብ እንደሚቻል የሚወስነው የኮምፒውተሩ አቅም ሳይሆን የመንገዱ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 15 አደረግነው። መደራረቡ ወደ 0.65 ወጣ። ሞዴሉን ቀለል ባለ ትንሽ ሞዴል ተካሁት፣ ከባዱን ክፍል ደግሞ ጉግል ኮላብ በሚባለው፣ በኢንተርኔት የሰው ኮምፒውተር በሚያሠራው አገልግሎት ላይ አስኬድኩ። ቁጥሩ ወዲያው ወደ ልኩ ቀረበ።

ተሳቢው

ከዚህ በኋላ የቀረው ትልቁ ጣጣ ተሳቢ ነው።

አንዱን ቅጽበት ደጋግሜ ስላየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሰዓቱ 1፡42 ነው። ከግራ በኩል አንዲት ባጃጅ ትመጣለች። ፕሮግራሙ 41 ቁጥር ሰጥቷታል። ከኋላዋ ቢጫ ጄሪካን ታስሯል። ከእሷ ቀድሞ፣ ወደ እኛ በቀረበው መስመር፣ ተሳቢ ይገባል። ጄሪካኑ ለመጨረሻ ጊዜ ብልጭ ይልና ይሸፈናል።

ተሳቢ ከነተጎታቹ 18 ሜትር ያህል ይረዝማል። በመገናኛው ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ ነጥብ ለማለፍ ከ4 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በሰከንድ 15 ፎቶ ብንል ከ60 በላይ ፎቶ ነው። ሶርት እንደወጣ ከተውነው የጠፋ ነገርን ከአንድ ፎቶ በላይ አይጠብቅም። ስለዚህ ልኩን ከፍ አድርጌ 90 ፎቶ ጠብቅ ብዬው ነበር።

ጠበቀ። የ41 ሳጥን በተሳቢው ገላ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይታያል። ካልማን የሚያውቀው ቀጥታና በአንድ ፍጥነት መሄድን ነው። ከተሳቢው ጀርባ ግን እውነቱ ሌላ ነበር። «ወራጅ አለ» ተብሏል መሰለኝ፣ ባለ ጄሪካኗ ቆማለች። ባዶው ሳጥን ግን ቀጠለ። ተሳቢውን አልፎ ሲወጣ፣ ቀድማ ስትሄድ የነበረችና እዚያ የተሸፈነች ሌላ ባጃጅ አገኘ። 41 ብሎ ለእሷ ሰጣት። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቢጫው ጄሪካን ብቅ አለ። አዲስ ቁጥር ተሰጣት፤ 58።

ጠቅላላ ቁጥሩ ላይ ይህ ስህተት አይታይም። ሁለት ባጃጅ፣ ሁለት ቁጥር። ግን የትኛዋ ከየት መጥታ ወዴት እንደሄደች ተበላሽቷል። የማህበሩ ጥያቄ ደግሞ ስለ አቅጣጫ ነው።

እኔ ያወቅኳት በጄሪካኗ ነው። ለፕሮግራሙስ መልክ ብናስተምረውስ አልን። ዲፕሶርት በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣው ለዚህ ነው። ቦታን ብቻ ሳይሆን መልክንም ያነጻጽራል። ግን መልክ የሚለየው ክፍሉ መንገደኛ ሰዎችን በልብሳቸውና በቁመናቸው እንዲለይ የሰለጠነ ነው። እኛ ጋ ያሉት በአብዛኛው ሰማያዊ ባጃጆች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋ ቅጂ። ለሱ ሁሉም አንድ ሰው ነው የሚመስሉት። ሞከርነው፣ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

መፍትሔው የተገኘው ደረጃ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «ተሳቢው እኮ አጥር ሆኖባችኋል፤ ለምን ከላይ አታዩም?» አለ። ሒሳቡን ሠራሁት። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ቁመቱ 4 ሜትር ግድም ነው። አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ስልካችን 4.5 ሜትር ላይ ነበር። ተሳቢው 10 ሜትር ርቀት ላይ ሲያልፍ ከጀርባው የሚሸፈነው መሬት 10 በ4 ተባዝቶ ለግማሽ ሜትር ሲካፈል 80 ሜትር ይሆናል። መንገዱ በሙሉ ማለት ነው። አራተኛ ፎቅ፣ 13 ሜትር ላይ ብንወጣ ደግሞ ለ9 ይካፈላል። ከ4 ሜትር ተኩል አይበልጥም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በኮድ ልፈታው የታገልኩት ነገር ሦስት ፎቅ በመውጣት አብዛኛው ተፈታ። ዛሬ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ቢመጣ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሞዴል አይደለም። ካሜራው የት ነው የሚቆመው ብዬ ነው የምጠይቀው።

ትራከሩንም በባይትትራክ ተካሁት። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ጥሩ ነገሩ ዲቴክተሩ የተጠራጠረባቸውን ሳጥኖች አይጥልም። በግማሽ የተሸፈነች ባጃጅ ላይ ዲቴክተሩ «ምናልባት» ነው የሚለው። ሌሎቹ ይህን «ምናልባት» ይጥሉታል። ባይትትራክ መጀመሪያ እርግጠኞቹን ያጋጥማል፣ ከዚያ የቀሩትን ቁጥሮች ይዞ ወደ ተጠራጣሪዎቹ ይመለሳል። ግማሽ ጣሪያዋ ብቻ የሚታይ ባጃጅ ቁጥሯን ይዛ የምትቆየው በዚህ ነው።

ነፋሱና ጋሪው

አራተኛ ፎቅ ላይ የአዳማ ነፋስ ጠበቀን። ይህች ከተማ በነፋሷ መብራት የምታመነጭ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት ናቸው። ማቆሚያው ሲንቀጠቀጥ መንገዱ በሙሉ በፎቶው ውስጥ ይዘላል። ከሩቅ ባጃጅ ትንሽ ስለሆነች በጥቂት የፎቶ ነጥብ (ፒክስል) መዝለል ብቻውን መደራረቡን ያበላሸዋል። የካሜራውን እንቅስቃሴ ገምተው የሚያስተካክሉ ዘዴዎች አሉ። እኛ ግን ከሥር ካለ ጎሚስታ የተቀደደ ካላማዳሪያ ለመንን። በቀጭኑ ቆርጠን ስልኩን ከመስኮቱ ብረት ጋር ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ጎማው ንዝረቱን ዋጠው።

ከፍታው ግን ዋጋ አስከፈለን። ዝግጁ የሆነው ሞዴል የተማረው ኮኮ ከሚባለው የምስል ስብስብ ነው። ስብስቡ 80 ዓይነት ነገር ያውቃል። መኪና፣ አውቶቡስ፣ ሞተር ሳይክል፣ ፈረስ፣ ቀጭኔ ሳይቀር አለ። ባጃጅ የለም። ከበረንዳው ስናይ አንዴ መኪና፣ አንዴ ሞተር እያለ ይጠራት ነበር፤ ሁለቱንም ባጃጅ ብለን እናልፈው ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ሲታይ ግን ባጃጅ ሰማያዊ ጣሪያ ናት። ጭራሽ አላወቃትም።

ስለዚህ የራሳችንን ማሰልጠን ግድ ሆነ። ከተለያየ ቀንና ሰዓት 700 ፎቶ መረጥን። ማታ ማታ ቡና እየተፈላ እኔ፣ የአክስቴ ልጅና ጓደኛው በየተራ ሳጥን ስንስል ከረምን። አንድ ነገር ላስጠነቅቅ። መጀመሪያ ሞዴሉን የፈተንኩት በዚያው ቀን በተነሱ ፎቶዎች ነበር። ውጤቱ በጣም ያምር ነበር። ግን ከሰለጠነበት ፎቶ በአንድ ሰከንድ የሚለይ ፎቶ ላይ መፈተን፣ መልሱን አሳይቶ መጠየቅ ነው። ጭራሽ ባላየው ቀን ስፈትነው ወረደ። ያንን ቀን ለፈተና ብቻ ብለን ለየነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም።

ጋሪው ላይ ተከራከርን። ኮኮ ፈረስ ያውቃል፣ ሰው ያውቃል፣ ጋሪ አያውቅም። አንዱን ጋሪ አንድ ፈረስ፣ አንድ ሰው እያለ ሁለት ያደርገዋል። በራሳችን ስልጠና ላይ ሳጥኑ ምን ይያዝ? እኔ ጋሪውን ብቻ አልኩ፣ ቅርጹ አይቀያየርም ብዬ። የአክስቴ ልጅ ፈረሱም ይግባ አለ። በማግስቱ ጋሼን ጠየቅናቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ጋሪ ያለ ፈረስ ጋሪ ነው እንዴ?» አሉኝ። በቃ። ፈረሱ፣ ጋሪውና ባለጋሪው በአንድ ሳጥን ገቡ። ልክ ነበሩ። ረዘም ያለ ሳጥን በመሆኑ ከፎቶ ፎቶ መደራረቡ ይበልጣል፤ ለመከተልም ቀለለ።

መስመሩ

ቁጥሮችን መደመር ትተን መስመር መጠቀም የጀመርነው በዚህ መሀል ነው። ተራው ጋ የቆሙ ባጃጆች ሰው ይወጣባቸዋል፣ ይወርድባቸዋል፣ ዣንጥላ ይከልላቸዋል። አንዷ ቆማ ሳለች ሦስት አራት ቁጥር ትቀያይራለች። ስለዚህ ስንት ቁጥር ተሰጠ የሚለውን አንጠይቅም። ከተራው ራቅ አድርገን፣ ሁሉም በሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ ፎቶው ላይ መስመር አሰመርን። መስመሩን ያለፈ ይቆጠራል።

አንድ መስመር አልበቃም። መስመሩ ላይ ቆማ ወደፊትና ወደኋላ የምትል ባጃጅ ሁለቴ ተቆጠረች። በ6 ሜትር ርቀት ሁለተኛ መስመር ጨመርን። ሁለቱን በቅደም ተከተል ያለፈች ብቻ ትቆጠራለች። ቅደም ተከተሉ አቅጣጫዋንም ይነግረናል። ቁጥሯን መጠበቅ ያለባት ለነዚያ 6 ሜትር ብቻ ነው። ያቺ 41 ቁጥር መንገዱን በሙሉ ስሟን ይዛ እንድትሄድ መፈለጌን ስተው ሥራው ቀለለ።

ማጣራቱ ላይ ቸኩለን አላለፍንም። በመጨረሻው ቪዲዮ አንድ የ10 ደቂቃ ቁራጭ ወስደን ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጠረ። አንዱ 101፣ ሌላው 104 አለ። ሰውም ይሳሳታል። በዝግታ አብረን አየነውና 103 ላይ ተስማማን። ፕሮግራሙ 101 ብሏል። እዚህ ላይ መደሰት ይቻል ነበር። ግን አንድ በአንድ ስናነጻጽር 5 ባጃጅ አምልጦታል፣ 3 ደግሞ ሁለቴ ቆጥሯል። የተቀነሰውና የተደመረው ተጣፍቶ ነው ሁለት ብቻ የጎደለ የሚመስለው። ጠቅላላ ድምር ብቻ የሚያሳይ ሰው ስህተቱን እየደበቀ ነው፤ ባያውቀውም። በሙያው ያሉት መለኪያዎችም ይህ ችግር አለባቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው ሞታ የሚባለው መለኪያ በዋናነት የሚያየው ስንቱ ታየ፣ ስንቱ አመለጠ የሚለውን ስለሆነ፣ የቁጥር መቀያየርን ጎልቶ አያሳይም። ስለዚህ ለማህበሩ በሰጠነው ወረቀት ላይ ያመለጡትንና የተደገሙትን ለየብቻ ጻፍን። የአክስቴ ልጅ ይህ ጥያቄያችንን አያዳክምብንም ወይ ብሎ ሰጋ። እኔ እንዲቀር አልፈለግሁም። ስህተቱን የሚናገር ቆጠራ ነው ሰው ፊት የሚቆመው።

ፀሐይ ዝቅ ስትልና መስታወት ላይ ስታንጸባርቅ አሁንም ይሳሳታል። ማታ አልሞከርነውም። ለተጠየቅነው ሰዓት ግን ይበቃል።

ማህበሩ ወረቀቱን ከደብተሩ ጋር አስገብቷል። መልስ እየጠበቀ ነው። ቪዲዮውን አጥፍተነዋል።

ከማጥፋታችን በፊት የዚያን ቀን ደብተርና የፕሮግራሙን ቆጠራ ጎን ለጎን አድርገን ከጋሼ ጋር አየነው። በየ10 ደቂቃው ከፋፍለነዋል። ብዙ ቦታ ይቀራረባሉ። ከ2፡20 እስከ 2፡30 ግን ደብተሩ ባዶ ነው። አንድም ጭረት የለም። ፕሮግራሙ እዚያ ጋ 98 ባጃጅ ይላል።

ጋሼ ዝም አሉ። ደብተራቸው ላይ ሰው ሲጠራጠር ሰንብቷልና ከብዷቸዋል። ቪዲዮውን እዚያ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ከላይ ሲታዩ ባርኔጣቸው ብቻ ነው የሚለየው። ከተራው ተነስተው አስፋልቱ መሀል ይገባሉ። እጃቸውን ወደ ተሳቢው ዘርግተው ያቆሙታል። ከኋላቸው ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ተያይዘው ይሻገራሉ። ይመለሳሉ። ሌላ ቡድን። እንደገና ይገባሉ። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው መሀል ላይ ቀርተዋል፤ ዘንቢሉን ተቀብለው ያሻግሯቸዋል። አሥሩም ደቂቃ እንዲሁ አለቀ። ፕሮግራሙ ከሥራቸው ባጃጅ ሲቆጥር እሳቸው ሰው እያሻገሩ ነበር።

«አዎ፣ ትምህርት ቤት የሚገባበት ሰዓት ነው» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። «ስንት ነበር ያለው?»

«98፣ ጋሼ።»

ባዶው ላይ 98 ብለው ጻፉና ደብተሩን ዘጉ።